በጥቁር ጨርቅ የሚጠቀለለው ዓይን

ጋሽ ይገኛል ሱቅ ከከፈተ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ለአንድም ደንበኛ «የለም» ብሎ አያውቅም። ቅጽል ስሙ የመጣው ከዚሁ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት የመብራት ክፍያ ወረቀትና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም የምታነሣው ስትቆጣ ነው።

ሱቁ ከአንድ አሮጌ ሕንጻ ሥር ነው። የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጡ አሥራ አንድ ሱቆች በአንድ ረጅም ኮሪደር ግራና ቀኝ ተፋጠዋል። የእሱ ሱቅ ከመጥበቡ የተነሣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመበት ሦስተኛው ሐሳቡን ብቻ ነው የሚያስገባው። እስከ ጣሪያ በተደረደሩት ትንንሽ መሳቢያዎች ላይ እሱ ብቻ የሚረዳው ጽሑፍ ተለጥፏል። በአንዱ ላይ «ይሄ»፣ በሌላው ላይ «ያ»፣ ከላይ በኩል ባለው ላይ ደግሞ «ምን እንደሆነ ይታሰብ» ይላል።

ሥራውን የለመደው ከአንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ነበር። ሽማግሌው ጥርሳቸው ያለቀ፣ ምላሳቸው ግን ገና ያልተነካ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ስማ ልጄ፣ ‹የለም› የምትባል ቃል እግር አላት። አንድ ቀን ከአፍህ ከወጣች ደንበኛህን እጁን ይዛ ጎረቤት ሱቅ ታስገባዋለች» አሉት። ሌላ ነገር በአፋቸው አላስተማሩትም። የቀረውን እጃቸውን እያየ ለቀመ።

ምክሩን እንዴት እንደያዘው ለማወቅ ቤቱ ያለውን ሬዲዮ ማየት ይበቃል። አንድ ጡረተኛ የሬዲዮ ማዞሪያ ጠፍቶባቸው ሲመጡ ጋሽ ይገኛል «ይገኛል» አላቸው። ከተማውን አሥራ አንድ ቀን ሲያስስ ሰንብቶ ሲያጣ የራሱን ሬዲዮ ማዞሪያ ነቅሎ ሰጣቸው። ሚስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቢያ የምትቀይረው በጉጠት ነው። እንግዳ ሲመጣ ጉጠቱን ከሬዲዮው ላይ ሳታነሣ፣ «ባሌ ደንበኛ አያስከፋም፤ እኔ ደንበኛ ስላልሆንኩ ነው» ትላለች።

እንግዲህ የተጠየቀው ዕቃ በእጁ ከሌለ ምን ያደርጋል? «ይገኛል፤ ቁጭ በል» ብሎ ደንበኛውን በርጩማ ላይ ያስቀምጥና ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ችግሩ፣ አጠገቡ የኖሩትም ሁሉ ይኸው አመል ተጋብቶባቸዋል። ጎረቤቱም «ይገኛል፤ ጠብቅ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። ቀጣዩም ወደ ቀጣዩ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። በዚያ ላይ በኮሪደሩ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። አንድ ፍሬ ብለህ ከጠየቅህ ማንም ከወንበሩ አይነሣልህም። ስለዚህ አንድ የተጠየቀ ሁለት ይላል፣ ሁለት የተጠየቀ አምስት ይላል። ይህን ውሸት ብሎ የሚጠራው ሰው የለም፤ «ጎረቤት ማስነሻ» ነው የሚሉት።

በየሱቁ ደግሞ ሽፋኑ ላይ «የተጠየቀ» የሚል ደብተር አለ። ያስጀመራቸው የጋሽ ይገኛል ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ከውጭ ዕቃ ስለሚያመጣ ሁሉም አስመጪው ይሉታል። «ምን እንደሚፈለግ ካልጻፋችሁልኝ ምን እንደማመጣ በምን ልወቅ?» አላቸው። እነሱም የተጠየቁትን ሁሉ መጻፍ ጀመሩ፤ ከደንበኛ የመጣውንም፣ ከጎረቤት የተሻገረውንም፣ ሳይለዩ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ከሆስፒታል የምትሠራ መሣሪያ ጠጋኝ ሴት ወደ ሱቁ መጣች። ነጭ ጋዋኗ ላይ የማሽን ዘይት ነጥብ ነጥብ ብሏል። በእጇ የያዘችውን በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሕፃን እንደምታስተኛ ቀስ አድርጋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ጀርባዋን ለብርሃን ሰጥታ በጥላዋ ውስጥ ፈታችው። አውራ ጣት የምታህል የመስታወት ቱቦ ነበረች።

«ጋሼ፣ ይቺን የመሰለች ይኖርዎታል?»

«ምንድን ናት ልጄ?»

«ዓይን ናት። የደም መመርመሪያው ማሽን ውስጥ ያለች። ደሙ ከመድኃኒቱ ጋር ሲቀላቀል ትንሽ ብርሃን ይሰጣል፤ የእኔና የእርስዎ ዓይን የማያየው ብርሃን። ይቺ ግን ታየዋለች፤ አንድ በአንድ ትቆጥረዋለች።»

«አንድ በአንድ?» ነገር ሁሉ መቁጠር የምትወደው ልጁ ትዝ አለችው። «ታዲያ ምን ነካት?»

«አንድ ሰው ማሽኑ እየሠራ ክዳኑን ከፈተው። ቀኑን ባንድ ጊዜ አየችና ታወረች። የማይታየውን የለመደ ዓይን የሚታየውን አይችልም።»

«ጨርቁስ?»

«ጨርቁ የእኔ ነው። ጥቁሩን ካፖርቴን ስታሳጥር ልብስ ሰፊዋ የሰጠችኝ ቁራጭ። የሞተችም ብትሆን እንዲሁ ይዣት መምጣት አላስቻለኝም።»

የመንገድ መብራት ሲመሽ የሚያበራውን፣ በር ሲጠጉት የሚከፍተውን ተራ የብርሃን ሴንሰር ጋሽ ይገኛል በየመሳቢያው ሞልቶታል። በኮሪደሩም ስሙ «ዓይን» ነው። እንዲህ ያለውን ስስ ዓይን ግን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ቢሆንም አፉ ሥራውን ያውቃል።

«ይገኛል» አላት። «ቁጭ በይ።»

መጀመሪያ የተሻገረው ፊት ለፊት ወዳለው ባትሪ ሻጭ ነው። ሰውየው ራሱም ባትሪው ነው የሚባለው፤ ጠዋት ሞቅ ብሎ ከሰዓት በኋላ ስለሚደክም።

«ባትሪው፣ ስስ ዓይን ፈልጌ ነበር። ሁለት። በጥቁር ጨርቅ የምትጠቀለለዋን።»

«ይገኛል፤ ጠብቀኝ» አለ ባትሪው። ወደ እትዬ ሪሞት ሄደ። እትዬ ሪሞት የቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ የሚሸጡ፣ ሰውንም ቢሆን ከተቀመጡበት ሆነው የሚያንቀሳቅሱ ሴትዮ ናቸው። ለእሳቸው አምስት አለ። እትዬ ሪሞት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሽቦ ለሚሸጠው ለገመዶ ሃያ አሉት። ገመዶ ስልኩን አንሥቶ እስከ ሌላ ከተማ ድረስ ደወለ። ሁሉም የተነገራቸውን ሁሉ በደብተራቸው ጻፉ፤ ጥቁሩን ጨርቅ ጨምሮ።

ሴትዮዋ እስከ ምሳ ሰዓት በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ «ሥራ አለብኝ ጋሼ፤ ሲገኝ ይደውሉልኝ» ብላ ቁጥሯን ትታ ሄደች።

በዘጠነኛው ቀን የጋሽ ይገኛል ስልክ ጮኸ። ገመዶ ነበር፤ በአርባ እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ ለመነሣት ስንፍና ይዞት።

«ጋሽ ይገኛል፣ ስስ ዓይን አርባ ፍሬ ይኖርሃል? በጥቁር ጨርቅ የሚጠቀለለውን?»

አርባ! ጋሽ ይገኛል ልቡ ዘለለች። ትናንት ማንም የማያውቀውን ዕቃ ዛሬ አገር ሁሉ ይፈልገዋል ማለት ነው። የራሱ ድምፅ ገደል አስተጋብቶ እንደመለሰለት እንኳ አልጠረጠረም።

«ይገኛል!» አለና «የተጠየቀ» የሚለውን ደብተር ከፍቶ «ስስ ዓይን፣ አርባ» ብሎ ጻፈ። ሁለት ጊዜም አሰመረበት።

የጋሽ ይገኛል አንድ ልጅ ቆጠራ ትባላለች። ይህን ስም በአራት ዓመቷ ራሷ ናት ያመጣችው። የደረጃውን እርከን፣ የጎረቤቱን ጫማ፣ የእናቷን ቁጣ ሁሉ ትቆጥር ነበር። እናቷ ስትገሥጻት «እማዬ፣ ይሄ ዛሬ ሰባተኛሽ ነው» ትላታለች። አድጋ ተምራ አንድ የገበያ ጥናት ቢሮ ለሙከራ ጊዜ ተቀጠረች። የመጀመሪያ ሥራዋም «የብርሃን ሴንሰሮች አገር አቀፍ የገበያ ትንበያ» የሚል ሆነ፤ ያስጠናው የአስመጪዎች ማኅበር ነው። አለቃዋ ከመነጽራቸው በላይ እያዩ፣ «ይሄ ሪፖርት ከያዘ ቋሚ ትሆኛለሽ፤ ካልያዘ እንሰነባበታለን» አሏት።

ቆጠራ ከቢሮ ተቀምጣ የምትገምት ልጅ አይደለችም። ከሕንጻ ሕንጻ እየዞረች፣ ወደ ሌላ ከተማም እየደወለች «የተጠየቀ» የሚለውን ደብተር ሁሉ ሰበሰበች። የአባቷን ደብተር ማንም እንዳያማት ብላ በመጨረሻ ወሰደች። ደምራ፣ አባዝታ፣ ሦስት ወር ደክማ ጨረሰች።

በእረፍት ቀን ምሳ ላይ ረቂቁን ይዛ ተቀመጠች። እናቷ አለች፣ አጎቷ አስመጪው አለ፣ ጋሽ ይገኛልም አፉን ሞልቶ ያዳምጣል።

«ተራው የብርሃን ሴንሰር በዝግታ ያድጋል» አለች ቆጠራ። «ጉዱ ያለው ስሱ ላይ ነው። አምና በየትም ደብተር አንድም የለም። ዘንድሮ በሦስት ወር ብቻ ስድስት መቶ አርባ ፍሬ ተጠይቋል! ዕድገቱን በመቶኛ ላሰላው ብዬ ከዜሮ ስለሚነሣ ማሽኑ እምቢ አለኝ።»

«የኔ ልጅ» አለ ጋሽ ይገኛል በኩራት። «ማሽን እምቢ አስባለች!»

አስመጪው ማንኪያውን አስቀመጠ። «ስድስት መቶ አርባ? ለአገር ሙሉ ሲሆንስ?»

«እሱን በሚቀጥለው ገጽ ታየዋለህ አጎቴ። እና የሚገርመው የገዢዎች ምርጫ ነው።» ገጹን ገለጠች። «ከአሥሩ ዘጠኙ የሚፈልጉት በጥቁር ጨርቅ የሚጠቀለለውን ነው።»

ጋሽ ይገኛል ትን አለው። ሚስቱ ጀርባውን መታችው። ውሃ ሰጡት። ፊቱ ግን መጀመሪያ ቀልቶ፣ ቀጥሎ ገርጥቶ፣ በመጨረሻ ግድግዳውን መሰለ።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«ምንም… ጨርቁ ነው። እ… ምግቡ።»

አስመጪው እሱን አላየውም። ዓይኖቹ ሩቅ ሄደዋል። «እንግዲህ አለቀ። ሚኒባሴን እሸጣለሁ» አለ። «ሁለት መቶ ፍሬ አመጣለሁ። ጨርቁንም ከዚሁ አሰፋለሁ።»

ያ ሚኒባስ የአስመጪው ቤት ምሰሶ ነበር። ዕቃው ሲቀዘቅዝ ልጆቹን ያሳደገው እሱ ነው።

«ተው እንጂ ወንድሜ፣ አትቸኩል» አለ ጋሽ ይገኛል ሳያስበው።

«የእህቴ ልጅ ያጠናችውን አልመንም?» አለ አስመጪው። «ሐሙስ አዳራሽ ውስጥ ለሁሉም ታቀርበዋለች። እዚያው ቃሌን እሰጥና ከሰዓት በኋላ የሚኒባሱ ገዢ ጋ እሄዳለሁ።»

ጋሽ ይገኛል በማግሥቱ ሱቁ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አሰበ። ስድስት መቶ አርባው ሁሉ አንዲት ሴትና አንድ ቁራጭ ጨርቅ ነው። ይህን ከተናገረ የልጁ ሪፖርት ይናዳል፤ ሥራዋም ይሄዳል። ዝም ካለ የሚስቱ ወንድም ሚኒባስ ይሄዳል፤ ሁለት መቶ ዕውር ይዞ ይቀመጣል። መላ ግን አላጣም። ፈላጊ ከሌለ ፈላጊ ይገኛል! እስከ ሐሙስ ሁለት መቶ ሰው ካገኘ የልጁ ትንበያ እውነት ይሆናል፤ ማንም አይጎዳም።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ዶሮ አርቢው ነበር።

«ወዳጄ፣ ዶሮዎችህ መንጋቱን በምን ያውቃሉ?»

«በመስኮት።»

«መስኮት ሞኝ ነው! እኔ የማመጣልህ ዓይን ሰው የማያየውን ጭላንጭል ያያል።»

«ዶሮ የማታየውን ጭላንጭል ለዶሮ ምን ያደርግላታል?»

ጋሽ ይገኛል ወደ ፀጉር አስተካካዩ ተሻገረ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ይዞ እስከ መጨረሻው ሰማውና፣ «ቀን ካየ ይታወራል ነው ያልከኝ?» አለው።

«አዎ፤ በጨለማ ነው የሚሠራ።»

«እኔም በጨለማ ልላጭልህ? ተቀመጥ እስቲ።»

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደግሞ እንዲያውም ተቆጡ። «እኔ እዚህ የተቀጠርኩት ዓይን ስለሆንኩ ነው። ሌላ ዓይን ከመጣ እኔ ምን ሆኜ ልቀር ነው?»

ረቡዕ ማምሻውን ጫማው አቧራ ለብሶ፣ እጁ ባዶ ሆኖ ገባ። ሚስቱ በሩ ላይ ጠበቀችው። እናቱ ባወጣችለት ስም ጠራችው፤ ስለዚህ ነገሩ እንደከበደ ገባው።

«ለዶሮ የሆስፒታል ዕቃ ስትሸጥ መዋልህን ሰማሁ። ምንድን ነው?»

አንድ በአንድ ነገራት። ሚስቱ መጀመሪያ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቀጥሎ እንባዋን ጠረገች።

«ንገራት» አለች።

«ሐሙስ ይለፍና…»

«ሐሙስ ካለፈ የወንድሜ ልጆች ምን ይጋልባሉ? ጥቁር ጨርቅ? አንተ ሰውዬ፣ የእኔን ሬዲዮ ማዞሪያ ነቅለህ ስትሰጥ ታግሻለሁ። የወንድሜን መሪ ነቅለህ ብትሰጥ ግን አልታገሥም።»

ሐሙስ ጠዋት ቆጠራ ጃኬቷን ስትተኩስ አጠገቧ ሄዶ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። መልሶ ጠረገ።

«አባዬ፣ ረቂቁን አይተኸዋል አይደል? በእናትህ፣ የአዳራሹ ሰው ከማየቱ በፊት ንገረኝ። ስህተት ይገኝበታል?»

ሃያ ስድስት ዓመት ያለቦታዋ ስትባል የኖረችው «ይገኛል» ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታዋ ላይ ተጠራች። በዚያች ሰዓት ግን ከአፉ አልወጣችም።

«ጃኬቱ… እጅጌው ተቃጠለ» አለና ወጣ። እጅጌው አልተቃጠለም ነበር።

አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት አስመጪዎቹ፣ ከጎን የቆጠራ አለቃ ከነመነጽራቸው፣ ከኋላ ደግሞ ደብተር ያዋሱት ነጋዴዎች ተቀምጠዋል። ባትሪው፣ እትዬ ሪሞትና ገመዶ በአንድ ረድፍ፣ ጋሽ ይገኛል ጫፍ ላይ፣ ቢያስፈልግ ለማምለጥ ለበሩ ቅርብ።

ቆጠራ በጥሩ ሁኔታ ተናገረች። ሠንጠረዡ ግድግዳው ላይ ሲበራ የስሱ ዓይን መስመር ከወለል ተነሥቶ ጣሪያ ነካ። እትዬ ሪሞት ወደ ባትሪው ጠጋ ብለው፣ «አየህ? እኔ ያኔም ‹ይሄ ዕቃ ተፈላጊ ነው› ብያለሁ» አሉት። «የጥቁሩ ጨርቅ» ገጽ ሲመጣ ፊት ካሉት አንዱ ነጋዴ ማስታወሻ ሲይዝ ታየ።

አስመጪው ተነሣ። «እኔ ነገር አላበዛም» አለ። «ዛሬ ከሰዓት ሚኒባሴን ሸጬ ሁለት መቶ ፍሬ አዝዛለሁ። የቀደመ ይጠጣል!»

አዳራሹ አጨበጨበ። በጭብጨባው መካከል ከኋላ አንድ ወንበር ተንኳኳ። ጋሽ ይገኛል ቆሟል። ለምን እንደቆመ እግሩ እንጂ እሱ አላወቀም።

«የ…» አለ።

ሰው ሁሉ ዞረ።

«የለም።»

እትዬ ሪሞት ደረታቸውን ያዙ። «ምን አለ?»

«የለም አለ» አለ ባትሪው።

«ማን?»

«ይገኛል!»

«ውይ! አመመው እንዴ? ውሃ ስጡት!»

ቆጠራ መድረኩ ላይ የያዘችውን ወረቀት አስቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን አስተካከለች። «ተሳታፊው ይቀጥሉ። የለም ያሉት ምኑን ነው?»

«ፈላጊው» አለ ጋሽ ይገኛል። «ፈላጊ የለም።»

የአለቃዋ መነጽር ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ወረደ። ሌላ ልጅ ብትሆን ታለቅስ ነበር፤ ወይም አባቷን ታስወጣ ነበር። ቆጠራ ግን ቁጥር ሲታመም የምትሸሽ ልጅ አይደለችም። እስክሪብቶዋን አነሣች።

«ገመዶ፣ አርባ ብለህ ለሰው ጠይቀሃል። አንተን ማን ጠየቀህ?»

«እትዬ ሪሞት። ሃያ ብለው።»

«ለምን አርባ አልክ?»

«ሃያ ለሚል ሰው ማን ስልክ ያነሣል?»

ሳቅ ተጀመረ። ቆጠራ አልሳቀችም።

«እትዬ፣ እርስዎንስ ማን ጠየቀዎት?»

«ይሄው፣ ባትሪው! አምስት አለ። እኔ ገመዶን ታውቂው የለ፣ በአምስት ከወንበሩ አይነቃነቅም።»

«ባትሪው?»

ባትሪው ጣቱን ወደ ጋሽ ይገኛል ቀሰረ። «እሱ፤ ሁለት።»

ቆጠራ ወደ አባቷ ዞረች። ለትንሽ ጊዜ ተሳታፊነቱን ረሳችው።

«አንተንስ ማን ጠየቀህ፣ አባዬ?»

«አንዲት ሴት።»

«ስንት?»

ጋሽ ይገኛል አንድ ጣቱን አወጣ።

«ደብተርህ ላይ የተጻፈው አርባስ?»

«እሱ… ገመዶ መልሶ የጠየቀኝ ነው። የራሴው አንድ ዞራ ዞራ አድጋ መጣች፤ አላወቅኋትም።»

«ጨርቁስ?»

«የካፖርቷ ቁራጭ።»

አዳራሹ ፈነዳ። አስመጪው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ያለቅስ መስሏቸው ሲያዩት ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች!» ይላል። «ሚኒባሴን! ለአንድ ቁራጭ ጨርቅ!»

አለቃዋ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ በደረቅ ድምፅ፣ «ሪፖርቱ አልያዘም» አሉ። «ቋሚ አትሆኚም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ግን ሠንጠረዥ ሳይ በኖርኩባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ሰው ፊት ቆማ የገዛ ቁጥሯን የጠየቀች አላየሁም። ሦስት ወር ጨምሬልሻለሁ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሪ።»

ቆጠራ አባቷን ሦስት ቀን አኮረፈችው። በትክክል ሦስት ቀን ከአራት ሰዓት፤ ራሷ ናት የቆጠረችው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሱቁ መጣች።

«ሴትዮዋን አሳየኝ» አለችው። «አገር አቀፍ ፍላጎቱን ላነጋግረው።»

ሆስፒታሉ ውስጥ መሣሪያ ጠጋኟ ከማሽኑ ሥር ተጋድማ አገኟት። ጋሽ ይገኛልን ስታይ ተስፈንጥራ ተነሣች።

«ተገኘ?»

«የለም» ለሁለተኛ ጊዜ ከአፉ ወጣ። የመጀመሪያው ለአዳራሽ ነበር፤ ይሄኛው ለሰው ነው፤ ይሄኛው ባሰ። «የለም ልጄ። መጀመሪያም አልነበረም።»

እንደምትቆጣ ጠብቆ ነበር። እሷ ግን ደክሟት ተቀመጠች። «ጋሼ፣ ያን ቀን እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ ወደ ፋብሪካው እጽፍ ነበር። ‹ይገኛል› ስላሉኝ ጠበቅሁ። አራት ወር ሙሉ የሰው ደም በአውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ እየተላከ ነው የሚመረመረው። ሦስት ጥርሙስ መንገድ ላይ ተሰብሯል።»

ጋሽ ይገኛል ወለሉን አየ። ሽማግሌው ጠጋኝ «የለም» እግር አላት ብለውት ነበር። «ይገኛል»ም ቂጥ እንዳላት፣ ሰውን ይዛ እንደምትቀመጥ አልነገሩትም።

አስመጪው ሁለት መቶውን ተወና አንዲት አዘዘ። በአምስት ሳምንት ውስጥ ደረሰች። ራሱ በሚኒባሱ፣ የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ የወንበር ቀበቶ አስሮላት ሆስፒታል አደረሳት። መሣሪያ ጠጋኟ በጥላዋ ውስጥ ተቀብላ አስገባቻት፣ ክዳኑን ዘጋች፣ አንድ ቀን አሳረፈቻት፣ ከዚያ አበራችው። ማሽኑ መቁጠር ጀመረ። ጋሽ ይገኛል ምን እንደሚቆጥር ለማየት በመስታወቱ በኩል ቢያጮልቅም ምንም አላየም። «እሱ ነው» አለችው ሴትዮዋ፤ «ያ የማያዩት።»

የቆጠራ አዲሱ ሪፖርት ሁለት ዋና ነገር ይዟል። የተራው የብርሃን ሴንሰር ገበያ በዝግታ ያድጋል፤ የስሱ ደግሞ በአገር ደረጃ ፍላጎቱ አንድ ሲሆን እሱም ተሟልቷል። በየሱቁ ደብተርም አንድ አዲስ ዓምድ አሰምራለች፤ «ማን ጠየቀህ?» ይላል። ዓምዱ በተሞላ በመጀመሪያው ወር ከጥያቄው እኩሌታው ኮሪደሩ ራሱን በራሱ የጠየቀው ሆኖ ተገኘ። እትዬ ሪሞት ዓምዱ ስም አጥፊ ነው ብለው እስካሁን አይሞሉትም።

ባለፈው ሳምንት ቆጠራ ሱቁ ውስጥ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ደብተር ስትመረምር ስልክ ጮኸ። ከሩቅ ከተማ የሚደውል ነጋዴ ነበር። አዳራሽ ውስጥ ማስታወሻ ይይዝ የነበረው ሰውዬ ከሳቁ በፊት ወሬውን ይዞ ወጥቶ ሄዶ ኖሯል።

«ጋሽ ይገኛል ነህ? ስምህን ሰምቼ ነው» አለ ሰውዬው። «እዚህ ጥቁር ጨርቅ በጣም ተፈልጓል። ለዓይን መጠቅለያ። ሦስት መቶ ሜትር ይኖርሃል?»

የጋሽ ይገኛል ከንፈር በልማዱ ተከፈተ። ቃሏ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ቆጠራ ቀና ሳትል እስክሪብቶዋን አዲሱ ዓምድ ላይ አስቀመጠችና ጠበቀች።

ጋሽ ይገኛል አፉን ዘጋ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወንድሜ» አለ፣ «አንተን ማን ጠየቀህ?»

ሰውዬው ስልኩን ሳይዘጋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጠገቡ ያለውን ሰው «አንተንስ ማን ጠየቀህ?» ብሎ ሲጠይቅ ተሰማ፤ ያም ሌላውን፣ ሌላውም ሌላውን።